ያ የበረዶ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ኢልሀምን የተለየናት ከጣሪቅ ሱቅ ወጥታ፣ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ባጃጅ ውስጥ ስታለቅስ ነበር። ዛሬ የምናገኛት በአባቷ የማሾ መጋዘን ውስጥ ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ያለው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ውሻውንም ነጋዴውንም እኩል ጥላ ሥር አስተኝቷል፤ እሷ ግን ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፊልም ታያለች። ያውም የትኛውን? "ወላሂ ሁለተኛ ዓይኔ አያየውም" ያለችውን!

የሰው ነገር መቼም ጉድ ነው። ነገ ጠዋት የሙዐዊያ ሽማግሌዎች የመጨረሻውን መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ሙዐዊያ የአባቷ የሐጂ አብዱልሀኪም የንግድ ሸሪክ ልጅ ነው፤ በራሱ አይሱዙ እህል የሚያመላልስ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ክፉ ወሬ የማይወጣበት ጨዋ ልጅ። ነውር ቢፈልጉበት አይገኝበትም፤ የኢልሀምም ጭንቅ ይኸው ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ እንቢ ለማለት ሰበብ ታገኝ ነበር። እሷ የምትወደው ጣሪቅን ነው፤ ጣሪቅ ደግሞ እስከ ዛሬ እወድሻለሁ የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው በቱርክ ድራማ ነው። ጣሪቅ መናኸሪያው አጥር ጥግ፣ ፎቶ ቤቱን ተጠግቶ ስልክ ይጠግናል፣ ፍላሽ ላይ ፊልም ይጭናል። ወላጆቹ ቀወት ገጠር ማሽላ የሚያርሱ ናቸው። እሱ አጣዬ ላይ ደህና ሱቅ ነበረው፤ ከተማው በተቃጠለ ጊዜ አብሮ ነደደ፤ ይዞ የወጣው የለበሰውን ልብስና ፊልሞቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ኢልሀም ኮሌጅ ጨርሳ የአባቷን መጋዘን ሚዛን የምትቆጣጠር የሀብታም ልጅ ናት። ፍላሿን ይዛ ትሄዳለች፣ የሳምንት ድራማዋን ትጭናለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ከቱርኮቹ ሥር ያላዘዘችው የጃፓን ፊልም ተቀምጧል። በማግሥቱ ሄዳ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት።

"ምንድን ነው ይሄ የጫንክብኝ?"

"ፊልም ነዋ።"

"ይሄ ፊልም ነው? አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት ተማሪ፣ አንድ የተዘጋ የዓሣ ፋብሪካ፤ ጠዋት በረዶ፣ ማታ በረዶ! ልጁ ጓደኛው ባሕር ገብቶ ሲሞት አያለቅስ፤ ልጅቷ አገር ለቃ ስትሄድ ደህና ሁን አትል! አውቶቡሱ ሄደ፣ አለቀ። በዚህ ሙቀት ብርድ አስመታኸኝ እኮ! ወላሂ ሁለተኛ ዓይኔ አያየውም!"

ጣሪቅ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑን መሬት ላይ የመጣል ልማድ አለው፤ ኢልሀም በዚያ ልማዱ ትናደዳለች፣ ደግሞ ያንኑ ለማየት ትመጣለች።

"ድገሚው" አላት።

"ምኑን?"

"ዝም ብለሽ አንዴ ድገሚው። መጀመሪያ ሲያዩት የሚታየው በረዶው ብቻ ነው።"

ደገመችው። ለምን ደገምሽው ብትባል "እንደ ልቤ ልሰድበው ብዬ" ትል ነበር። ታዲያ ምን ታይ? ልጁ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ጓንቱን ያወልቃል። ከአግዳሚው ላይ በረዶውን ይጠርጋል፤ የሚጠርገው ግን የእሷን ቦታ ብቻ ነው፣ እሱ በረዶው ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ መጥታ ደረቁ ቦታ ላይ ቁጭ ትላለች፤ አንዳቸውም ስለዚያ ነገር አያነሡም። ኢልሀም መጀመሪያ ስታየው ይሄ ሁሉ የት ገብቶ ነበር? ፊልሙን አቁማ ጣሪያውን እያየች ቆየች።

በማግሥቱ ሱቁ ስትደርስ ጣሪቅ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ጎተተና በእጅጌው ጠረገው። አቧራውን አራግፎ "ቁጭ በይ" አላት፤ እሱ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ እንደነበር ኢልሀም ያን ጊዜ ገና ትዝ አላት። ፊቷ ጋለ፤ ሙቀቱን አሳበበች።

"እሺ፣ አንተ ለምን ወደድከው?" አለችው አንድ ቀን።

ጣሪቅ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። "አጣዬ ከተቃጠለ በኋላ እዚህ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ነበር። ያየኝ ሁሉ አይዞህ ይለኛል፣ ትረሳዋለህ ይለኛል። አላህ ይስጣቸው፣ ለደጉ ብለው ነው። ግን አይዞህ ባሉኝ ቁጥር እሺ ማለት ነበረብኝ፤ እሺ ማለት ደከመኝ። ይሄ ፊልም ምንም አላለኝም። አብሮኝ ቁጭ አለ፣ በቃ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ መሰለኝ። ስደጋግመው ግን ልጆቹ በዚያ ሁሉ ብርድ መሀል አንዱ ለአንዱ እንደሚያስብ አየሁ። ይሄ ካለማ እኔም እተርፋለሁ አልኩ።"

ኢልሀም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገች። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ የእሱም እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በመሀል አንድ ሆዱ የተከፈተ ስልክ ብቻ። ያን ቀን ቤቷ የገባችው መንገዱ ሳይታወቃት ነው።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። አባቷ ምሳ ላይ "ለሙዐዊያ ጠይቀውሻል፣ ምን ይመስልሻል?" አሏት፤ እሷ ገበታው ላይ አቀረቀረች። በበነጋው ወደ ጣሪቅ በረረች፤ አንድ ነገር ይላል ብላ፣ "አታግቢ" ይለኛል ብላ።

"ሽማግሌ መጣብኝ" አለችው።

ካቻቢቴው እጁ ላይ ቆመ። "ምን አልሽ?"

"ዝም አልኩ።"

 ጣሪቅ ዓይኑን ሳያነሣ "ማሻአላህ። አላህ ኸይር ያድርገው" ብሎ ስልኩ ላይ አጎነበሰ። ኢልሀም ወጣች፤ ባጃጅ ውስጥ ያለቀሰችውም ለዚህ ነው።

ወይ ልጆች! እንግዲህ በይፋት ምድር ልጃገረድ ስለ ትዳር ተጠይቃ ዝም ካለች ወዳለች ነው። ዓይናፋርነቷ ይከበርላታል፣ አፍ አውጥታ እሺ በይ አትባልም። ኢልሀም "ዝም አልኩ" ስትል "እሺ አላልኩም፣ አንተን እየጠበቅሁ ነው" ማለቷ ነበር። ጣሪቅ የሰማው "ወደድኩ" ስትል ነው። አባቷም ከምሳው ገበታ ላይ የሰሙት ያንኑ ነው።

ይኸው መጋዘኑ ውስጥ ያንን ፊልም ስትደግም የአባቷ ታላቅ እህት እትዬ አሪፋ በመዳፋቸው እያራገቡ ገቡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወንድማቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ምላሳቸው ስለት፣ ልባቸው ቅቤ።

"ነገ ሽማግሌ የሚመጣባት ልጅ ከነቀዝ ጋር ትውላለች?" አሉ። "ምንድን ነው የምታይው? ጠጋ በይ፣ እኔም ልይ።"

ጎኗ ተቀመጡ። "ምነው ጥጥ ፈሰሰባቸው?"

"በረዶ ነው እትዬ።"

"ሱብሀነላህ! ይሄ ሁሉ? እህሉስ?"

"እህል የላቸውም፤ ዓሣ ነው የሚበሉት።"

"ምስኪን" አሉና ዝም ብለው ያዩ ጀመር። ልጁ አግዳሚውን ሲጠርግ እትዬ አሪፋ ጎንተል አደረጓት። "አየሽው? የሷን ጠረገ፣ የራሱን ተወ። ይወዳታል።" ኢልሀም ሁለተኛ ዙር የፈጀባትን እሳቸው በአንድ ዓይን አዩት። ፊልሙ መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ አውቶቡሱ ሄደ፣ ልጁ ብቻውን ቀረ።

"ይሄ መጨረሻው ነው የሚያናድደኝ" አለች ኢልሀም።

"ቆይ፣ መልሺው እስቲ። እዚያ፣ መስኮቱ ላይ።"

መለሰችው። በጉም ከተሸፈነው መስታወት ወዲያ ልጅቷ አፏን ከፈት አደረገች፤ መልሳ ገጠመችው። ከውጭ የቆመው ልጅም አንድ እግሩን ወደፊት አነሣ፤ መልሶ ተከለው። ኢልሀም ይህን ሁሉ ጊዜ ስታይ የልጅቷን አፍ አላየችም፣ የልጁን እግር አላየችም።

"እሱ እሷን ጠበቀ፣ እሷ እሱን ጠበቀች" አሉ እትዬ አሪፋ። "ሾፌሩ ግን ማንንም አልጠበቀም።"

ኢልሀም ስልኩን አጠፋችው። እትዬ አሪፋ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ፣ ወደ በሩ እያዩ፣ እንደ ዋዛ ቀጠሉ።

"እኔን ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ደንግጬ ነው እንጂ ወድጄ አልነበረም። ከመጋረጃው ወዲያ እልል ተባለ፣ አለቀ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አላህ ይማረው። ወድጄ እንዳገባሁት አምኖ ነው የሞተው። እኔ ግን እሺ ያልኩበትን ቀን እስካሁን አላውቀውም።" ተነሡና ቀሚሳቸውን አራገፉ። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ልጄ። ባልማ እንዴት አይቀር!"

ጠዋት ሆነ። ሳሎኑ በሽማግሌ ሞላ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ጓዳ ውስጥ ናቸው፤ እናቷ ወይዘሮ ከዲጃ ለእልልታ ተዘጋጅተዋል፣ ኢልሀም መሀል ላይ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። አጎቷ ኸድር መጋረጃው አጠገብ ቆሙ።

"ኢልሀም ልጄ፣ ቢስሚላህ። አባትሽ ለሙዐዊያ ሊሰጡሽ አስበዋል። ምን ትያለሽ?"

አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማታል፣ የራሷ ድምፅ ብቻ የለም። አጎቷ ደግመው ጠየቁ። ዝም። ከወዲያ "ማሻአላህ፣ የጨዋ ልጅ" የሚል ድምፅ መጣ፤ እናቷ እጃቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ፣ እልልታውም ጀመረ።

በዚያች ቅጽበት ኢልሀም ያየችው እናቷን አይደለም። ያንን መስታወት፣ ያቺን ከፈት ብላ የተገጠመች አፍ ነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ነው።

"ቆዩ!" አለች። "ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም!"

እልልታው ከመሀሉ ተቆረጠ። መጋረጃው ተገለጠ፤ ሐጂ አብዱልሀኪም ከፊቷ ቆሙ።

"ምን አልሽ?"

"አባባ፣ ባለፈውም ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ሙዐዊያ ነውር የለበትም። እኔ ግን አልወደድኩም።"

"በእንግዳ ፊት? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?"

"ይነቅዛል አባባ" አለች፤ እንባዋ መጣ። "የማሾውን ያውቁት የለ? ከላይ ሲያዩት ጆንያው ሙሉ ነው፣ እጅ ሲያስገቡ ዱቄት። የእኔም ዝምታ እንደዚያ ነው። ለሰው ልጅ ነቀዝ የበላውን ይሰጣሉ? እርስዎ ለገዢ እንኳ አይሰጡም።"

 ሐጂ አብዱልሀኪም በሚዛን የማይቀልዱ ሰው ናቸው፤ የልጃቸው ነገር ያገኛቸው እዚያው የሚያማቸው ቦታ ላይ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሌላ ሰው አለ?"

"አለ። ጣሪቅ። የመናኸሪያው።"

"ያ ፊልም የሚጭነው? ሱቁ የተቃጠለበት? ሽማግሌ ልኳል? ቃል ሰጥቶሻል?"

"አንድም ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም።"

እትዬ አሪፋ እንኳ ግድግዳ ያዙ። "ታዲያ እንደሚፈልግሽ በምን አወቅሽ?" አሉ አባቷ።

ኢልሀም አቀረቀረች። "ወንበር ይጠርግልኛል።"

ማንም አልሳቀም። ሐጂ አብዱልሀኪም ወደ ሳሎን ተመለሱ። "ልጄ አልፈቀደችም" ሲሉ ድምፃቸው ሻከረ። "ያለ ፈቃዷ ኒካህ የለም። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።" ሽማግሌዎቹ ጨዋ ነበሩና "ኸይር ነው፣ አላህ ለሁለቱም የተሻለውን ይስጥ" ብለው ተነሡ። የሄዱበት አቧራ ሲረጋ ኢልሀም የሠራችውን ገና ያን ጊዜ ተረዳችው። የአባቷን ፊት አጥቁራለች፣ ጥሩ ሰው ሸኝታለች፤ ይህን ሁሉ ያደረገችውም ቃል ላልሰጣት ሰው ነው። ዝም ቢልስ? አሁንም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ዝም ቢል ምን ይውጣታል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። የዐስር ሶላት ሳይደርስ መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። ሐጂ አብዱልሀኪም መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ኢልሀም ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ናት፤ እትዬ አሪፋ አጠገቧ። በዚያ ፀሐይ አንድ ሰው ከአስፋልቱ ታጠፈ። ላብ ሸሚዙን ጀርባው ላይ አጣብቆታል፤ ሮጦ ነው የመጣው።

ጣሪቅ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ መሬት ላይ ወደቀ። አንድ እግሩን ወደፊት አነሣ። መልሰህ አትትከለው፣ አለች ኢልሀም በልቧ፣ ያ ረቢ አትትከለው።

እግሩ ወደፊት ወረደ።

"አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። ሽማግሌ መላክ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ እልካለሁም። ግን አባቴ ከቀወት እስኪመጣ ዝም ብል ዝምታዬን ሰዉ በሌላ ይተረጉመዋል። ነውር ቢሆንም በራሴ አፍ ልናገር ነው የመጣሁት።" ቀና አለ፤ ኢልሀም ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። "ኢልሀምን እወዳታለሁ። ዝም አልኩ ስትለኝ የወደደች መስሎኝ ነው የሸሸሁት። ያለኝ ያች ጥግ ናት። ሱቅ እንደገና እሠራለሁ፣ እሷን ግን እንደገና አላገኛትም።"

ሐጂ አብዱልሀኪም ሙስበሃቸውን ያዙት። "አሪፋ ስለ አንድ ፊልም ስትለፈልፍ ዋለች። ልጄን አፍ ያስወጣው እሱ ነው አሉ። የታለ?"

ኢልሀም ስልኩን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ኮስተር ብለው ያዩ ጀመር፤ ጣሪቅ ቆሞ፣ እሷ ከበሩ ወዲህ፣ እትዬ አሪፋ "ጥጥ እንዳይመስልህ፣ በረዶ ነው" እያሉ።  በመጨረሻ አውቶቡሱ ሄደ፣ ልጁ ቀረ።

"ይሄ ምኑ ፊልም ነው?" አሉ ሐጂ። "ምንም አልሆነም እኮ!"

"ይድገሙት አባባ" አለች ኢልሀም ቀስ ብላ።

ሐጂ አብዱልሀኪም አልመለሱላትም። ስልኩን እንደያዙ ቀሩ፤ ጣሪቅን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ፣ ስልኩን አዩ። 

"አብዱ" አሉ እትዬ አሪፋ፣ "ዝም አልክ። ወደድክ ልበል?"

"አስታግፊሩላህ! አንቺ ሴትዮ!" አሉ፤ ጢማቸው ውስጥ የሆነች ፈገግታ ብቅ ብላ ጠፋች። "ሽማግሌ ይላክ። ደንቡ አይቀርም። አባቱ ይምጣ።" ከዚያ ጥቂት አሰቡና አጠገባቸው ያለው ጆንያ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉት፤ ደግመው ጠረጉት። ለጣሪቅ ቦታውን በእጃቸው አመለከቱት።

"ቁጭ በል እንጂ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ምን አስቆመህ? ከመጀመሪያው ልንደግመው ነው።"

ኢልሀም የአባቷን እጅ አየችው፣ አቧራ የያዘውን መዳፍ። ሚዛኑን ተደግፋ አለቀሰች፤ ማን እንዳያት እንኳ ዞራ አላየችም።